ኑርዬ ለኮምፒውተሩ የነገረው መንገድ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ መንገድ የጠፋበት ሰው ፈጣሪውን ከመለመኑ በፊት ኑርዬን ይጠይቅ ነበር። ኑርዬ ይህ ሲወራለት ሲሰማ «አስተግፊሩላህ!» ይላል፤ ጥርሱ ግን ሌላ ይላል።

አጋሰስ እየነዳ አምባሰልን ሲወጣና ሲወርድ ነው የሸበተው። ጨውና በርበሬ ያወጣል፣ ቅቤና ማር ያወርዳል። የእጅ ሰዓት አስሮ አያውቅም፤ መንገድን የሚለካው በሰላት ነው። «ሱብሂን እዚህ ሰግደህ ብትነሳ ዙሁርን እዚያ ትሰግዳለህ» ይልሃል፤ ሄደህ ብታየው እውነትም አዛኑ አፋፉ ላይ ይቀበልሃል። ለግሸን ንግሥ የሚጓዙት ክርስቲያኖች እንኳ እሱን ጠይቀው ነበር የሚነሱት። «ቄሶቹ ሳይቀሩ በኔ አዛን ነው ግሸን የሚደርሱት» እያለ ይኩራራል። ሚስቱ ሂንድ ግን ለጎረቤት እንዲህ ትል ነበር፤ «እግሩን ብቻውን ቢሰጡኝ አገባው ነበር፤ ከወገቡ በላይ ያለው ወሬ ነው።»

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት የሚወጣም የሚወርድም ጠፋ። የኑርዬ አጋሰሶች ከፊሉ ተሸጠው፣ ከፊሉ ሞተው፣ ጎድናቸው የሚቆጠር ሁለት ቀሩ። ሐይቅ ውስጥ ያለ ሰው ቢያንስ ውኃው አለው። ዓሣ ሲያይ አፍንጫውን ይይዝ የነበረው ሁሉ አሁን እሾሁን እየመጠመጠ «ለካ እንዲህ ኖሯል!» ይላል። ላይ አምባሰል ግን ሐይቅ የለም። ላይ አምባሰል ያለችው አሚናት ናት።

አሚናት የኑርዬ ታላቅ እህት ናት። እናታቸው እሱን ጡት ሳታስጥለው ስትሞት፣ ራሷ ገና ልጅ የነበረችው አሚናት ናት አዝላ ያሳደገችው። አሁን ከግሸን ማዶ፣ እንዶድ በር በምትባል መንደር ባሏ ሞቶባት ብቻዋን ትኖራለች። በዚያ ሰሞን ከላይ የወረደ ሰው መልእክቷን አድርሶለት ነበር፤ «ጎተራውን ጠርገነዋል በለው። ሌላ ምንም አትበለው፣ ይደነግጣል።»

ኑርዬ ግን ደነገጠ።

ፈንታሁን የመጣው ያኔ ነው። ከአዲስ አበባ ከአንድ መሥሪያ ቤት የተላከ፣ ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ ሱሪው ሁለት እሱን የሚያስገባ ቀጭን ልጅ። ገበያው አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይቶ ጥቁር ሰሌዳ ሰቀለና የአምባሰልን የእግር መንገድ የሚያውቅ ሰው ፈለገ። ከተማው ወዲያው ሥራውን ጀመረ፤ ወርቅ ሊያስቆፍር ነው ያለ አለ፣ ፍየል ሊቆጥር ነው ያለ አለ፣ ሚስት ጠፍታበት ነው ያለችም አትጠፋም። ኑርዬን ወሰዱለት።

«ጋሽ ኑርዬ፣ አዲስ አበባ አንድ ኮምፒውተር አለን» አለ ፈንታሁን። «የነገሩትን የሚያሰላ ማሽን ነው።»

«የነገሩትን ብቻ?»

«የነገሩትን ብቻ። ከራሱ አይጨምርም።»

«ታዲያ ከካድሬው በምን ይለያል?»

ፈንታሁን ወደ በሩ ዞር ብሎ አየና ያልያዘውን ሳል ሳለ። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ተዋደዱ።

ነገሩን ሲያስረዳው አንድ ሙሉ ጠመኔ ጨረሰ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ፕሮግራም የተሠራው ብዙ ኮምፒውተሮች በሽቦ ተያይዘው መልእክት ሲላላኩ ምን እንደሚሆን ለማስመሰል ነው። ኮምፒውተሮቹ በእውን የሉም፣ ሽቦውም የለም። ይህኛው ማሽን በቀን ይህን ያህል ይሠራል፣ ይህኛው ሽቦ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ያሳልፋል፣ መልእክቱም መንገድ ላይ ይህን ያህል ይዘገያል ብለህ ትገልጽለታለህ፤ እሱ ደግሞ እንዳሉ አድርጎ ያንቀሳቅሳቸዋል። የት እንደሚጨናነቅ፣ የቱ ዘግይቶ እንደሚደርስ ይነግርሃል።

«እኔ ደግሞ» አለ ፈንታሁን፣ «በማሽኖቹ ቦታ የእህል መጋዘኖችንና መንደሮችን፣ በሽቦዎቹ ቦታ የእግር መንገዶችን ላስገባ ነው። ካሚዮን ውጫሌ ድረስ ነው የሚገባው። ወደ ላይ የሚያወጡ በቅሎዎች ግን ለአንድ ቦታ ብቻ ነው የሚበቁን። ያ አንዱ ቦታ የቱ እንደሚሆን ማሽኑ ይንገረን። ወደ ውጫሌ ወርዶ መውሰድ የማይችለው መንደር የቱ ነው? ጥያቄው ይኸው ነው።»

ኑርዬ ሰሌዳው ላይ ያሉትን ክቦችና መስመሮች አየ። «መስመሩ ሲወጣና ሲወርድ እኩል ነው?»

«እ... አንድ መስመር ነው።»

«ተው እንጂ ልጄ! ቁልቁለትና ዳገት እንዴት አንድ ይሆናል? በቅሎዬ እንኳ ታውቀዋለች።»

ፈንታሁን ደስ አለው። ፕሮግራሙ ለሽቦም ቢሆን መሄጃውንና መመለሻውን ለየብቻ መግለጽ ያስችላል። እያንዳንዱን መስመር ሁለት አደረገው። በዚህ ዓይነት መንደር ለመንደር ሄዱ፤ ኑርዬ በሱብሂና በዙሁር ይናገራል፣ ፈንታሁን ወደ ሰዓት ይለውጣል፤ ገደል፣ ጭቃ፣ በቅሎ የማታልፍበት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማይሄድበት፣ ሁሉም ተነገረ።

ከተማው ደግሞ የራሱን ነገረ። መንግሥት አምባሰልን በሳጥን አስገብቶ አዲስ አበባ ወስዷታል ተባለ። አንዱ ሽማግሌ በሳጥኑ ውስጥ ባለው መሬትም ግብር ይከፈል እንደሆነ ጠየቀ። አንዷ ደግሞ ኑርዬን መንገድ ላይ አስቁማ «ወንድም ጋሼ፣ በዚያኛው አምባሰልስ ዝናብ ጥሏል?» አለችው። ሊስቅ ነበር፤ ዓይኗን ሲያይ ተወው።

ሂንድ ግን ነገሩ ገብቷታል። እራት ላይ እንዲህ አለችው።

«እንዶድ በርን ነግረኸዋል?»

«ነገ ነው።»

«አርቀዋ! አንድ ቀን ተኩል ይፈጃል በለው። በቅሎዎቹ ለእትዬ አሚናት ይውጡላት።»

«ብዋሽ እኮ በቅሎዎቹ ከሌላ ሰው ደጅ ነው የሚነጠቁት። እዚያም እህት አለች።»

«እኔ የማውቀው ያንተን እህት ነው።»

«ሂንድ፣ ስንት ነገር ዋሽቼ አውቃለሁ። በመንገድ ዋሽቼ ግን አላውቅም፤ ወላሂ!»

እውነቱን ነው። በቅቤ ዋጋ ይዋሻል፣ በዕድሜው ይዋሻል፣ በወጣትነቱ ስለወደዱት ሴቶችማ የሚያወራው ሁሉ ቢቆጠር አምባሰል ውስጥ ሌላ ወንድ አልነበረም። መንገድ ግን ሃይማኖቱ ነበር።

በማግስቱ ፈንታሁን ጠመኔውን አንሥቶ «ከእንዶድ በር ውጫሌስ?» አለ።

«ሱብሂ ሰግደህ ብትነሳ፣ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ አስርን ውጫሌ ነው የምትሰግደው። ቁልቁለቱ ይበዛል።»

«መሐል ላይ የሚያቆም ነገር አለ? ወንዝ፣ ኬላ?»

«ወንዙ ደርቋል። ምንም አያቆምህም።»

«ስንቅስ? ምን ይዘው ነው የሚወርዱት?»

ኑርዬ ከልቡ ሳቀ። «ስንቅ? አምባሰል ውስጥ? ሐጅ እኮ አይደለም የምንሄደው! ስንቅ ይዤ ሳልፍ ሰላሀዲን ቢያየኝ ዳግም ሰላምታዬን አይመልስም።»

ፈንታሁንም አብሮት ሳቀ። ሰላሀዲን ማን እንደሆነ አልጠየቀም። ከእንዶድ በር እስከ ውጫሌ አንድ ረጅም መስመር ሳበ፤ መሐሉ ባዶ፣ ንጹሕ መስመር።

ወረቀቱ በመኪና አዲስ አበባ ሄደ፣ መልሱም በመኪና መጣ። ማሽኑ እንዳለው በቅሎዎቹ መውጣት ያለባቸው ከገደሉ ወዲያ ላለች ሌላ መንደር ነው። የእንዶድ በር ሰው በአንድ ቀን ውጫሌ ወርዶ እህሉን መውሰድ ይችላል።

ኑርዬ፣ እንዳይደበቅ፣ ኮራ። አዲስ አበባ ያለ ማሽን በሱ አፍ መናገሩ ትንሽ ነገር ነው? ወደ ላይ በሚመለስ ሰው ሁሉ ለአሚናት ቃል ላከ፤ «እህል ውጫሌ ገብቷል፣ ቶሎ ውረጂ፣ እዚያው እጠብቅሻለሁ።»

የአሚናት መልስ ግን ጥያቄ ነበር። ወደ ውጫሌ የወረደውን ሁሉ መኪና ላይ ጭነው ሰፈራ ይወስዱታል ይባላል፤ እውነት ነው? ደግሞ ጉልበቷ እንደ ድሮው አይደለም።

«ኑርዬ ነው ያለው በላት» አለ ለመልእክተኛው። «መንገዱን እኔ አውቀዋለሁ በላት። አስርን ውጫሌ ትሰግዳለሽ ብሏል በላት።»

ወንድሟ ካለማ ተነሣች።

ኑርዬ በእህል ካሚዮን ተጭኖ ውጫሌ ገባና የእግር መንገዱ ከከተማው የሚገናኝበት ቦታ ላይ ቆመ። የሚወርደውን ሰው ሲያይ መጀመሪያ የገረመው ዝምታው ነው። የአምባሰል ሰው ቁልቁለት ሲወርድ ያወራል፣ ያዜማል፣ ከፊት ያለውን ይጣራል። እነዚህ ግን እግራቸውን እንደ ዕቃ እያነሡ የሚያስቀምጡ ነበሩ። ዙሁር አለፈ። አስር ሲደርስ ከእንዶድ በር አንድም ሰው አልታየም። ሰገደና ተመልሶ ቆመ። መግሪብ ሆነ። ጨለመ።

ከእንዶድ በር የመጀመሪያው ሰው በማግስቱ ረፋድ ላይ ደረሰ። ሙዘይን ይባላል፣ የአሚናት ጎረቤት ነው። ድሮ ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ ጎልማሳ ነበር፤ ኑርዬ እስኪጠራው ድረስ አላወቀውም።

«አሚናትስ?»

«ከኋላ ናት።»

«ከኋላ የት?»

«ሰላሀዲን ቤት ጋ አረፍ ልበል አለች። እናንተ እለፉ፣ እነሱ ቡና እንኳ ባይኖራቸው ውኃ አያሳጡኝም አለች።» ሙዘይን መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ጋሽ ኑርዬ፣ እኔ መቆም አልቻልኩም። ከቆምኩ አልነሣም ብዬ ነው። ትንሽ እንደራቅሁ ስትጣራ ሰማኋት። ቤቶች! ቤቶች! ትላለች።»

«ከፈቱላት?»

«እነ ሰላሀዲን ከለቀቁ እኮ ሰንብተዋል። ቤቱ ባዶ ነው። እሷ አታውቅም። እኔም ሳልፍ ነው በሩን ያየሁት።»

ኑርዬ ያን ጊዜ ነው የገዛ መንገዱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው። ዕድሜ ልኩን ከእንዶድ በር ሲወርድ ሰላሀዲን ቤት አጓት ይጠጣል። ከዚያ ምንጩ ጋ ያለችው አሮጊት ቆሎ ትዘግንለታለች፤ አልፈልግም ቢል ትቆጣለች። ቁልቁለቱ ሥር ያሉት ክርስቲያኖች ደግሞ ለሱ ብለው ሽምብራ እሸት ወይ ማር ያቀርባሉ። ጥላ ሥር ጎኑን ያሳርፋል፣ ወሬ ይሰማል፣ ተመርቆ ይነሣል። ይህን ማረፍ ብሎት አያውቅም። ማን ይለዋል? ሰው ሲተነፍስ ተነፈስኩ ብሎ ይናገራል? መሐል የሚያቆም ነገር አለ ወይ ሲባል ወንዝና ገደል ነው የታየው። የመንገዱ ጉልበት ያለው በነዚያ ቤቶች እንደነበር፣ ቤቶቹ ሲዘጉም መንገዱ ሌላ መንገድ እንደሚሆን አልታየውም።

ዘወር ብሎ ሽቅብ መሮጥ ጀመረ። ብዙም ሳይርቅ ከላይ የሚወርዱ ቄስ አገኘ። ቄስ አስረስን ያውቃቸዋል፤ ግሸን አካባቢ የሚያገለግሉ፣ አንዳንዴም ከአጋሰሶቹ ጋር አብረውት የሚወርዱ ሰው ናቸው። ገና ከሩቅ ሲያዩት መቋሚያቸውን ተከሉና ቆሙ። አቋቋማቸውን ሲያይ ሩጫው በረደ።

«ኑርዬ» አሉት፣ «ና ተቀመጥ።»

«ቆሜ ልስማ አባ።»

«ሰላሀዲን ደጅ ነው ያገኘኋት። ግድግዳውን ተደግፋ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ እግሯን ሰብስባ። ግቢ እስኪሏት የምትጠብቅ ነው የምትመስለው። ተጣራሁ። ስጠጋ... ጅብ እንዳይደፍራት ብዬ ጥያት መሄድ አቃተኝ። የናንተን ሰው ፈልጌ ነበር፣ በዚያ ሁሉ አገር የሚቆም ሰው የለም። ከሁለት መንገደኞች ጋር ሆነን ቀበርናት። በጋቢዬ ከፈንኳት። ጎረቤቶቼ ሲያደርጉ እንዳየሁት በቀኝ ጎኗ አስተኝቼ ፊቷን ወደ ቂብላ መለስኩት። የናንተን ሰላት አላውቅበትም፤ ዝም ብዬ አፈር ከማለብስ ብዬ የራሴን ደገምኩላት። አጥፍቼ እንደሆን ይቅር በለኝ።»

ኑርዬ የቄሱን እጅ ሳመ። «እኔን ነው ይቅር የሚለኝ የጠፋው አባ።»

«አብሽር ልጄ። አብሽር።»

ከዚያ እንደ ሌሎቹ እግራቸውን እንደ ዕቃ እያነሡ እያስቀመጡ ወደ ውጫሌ ወረዱ። ሁለት ወሬኞች ነበሩ፣ ለዚያውም ታዋቂዎች።

ኑርዬ ሐይቅ ሲመለስ ሂንድ ፊቱን አይታ ጮኸች። የሐዘን ቤቱ ሳይፈርስ ተነሥቶ ፈንታሁን ክፍል ሄደ። ልጁ ወሬውን ሰምቶ ኖሮ ከወንበሩ ብድግ አለ። ኑርዬ ሰሌዳው ፊት ቆመ። ከእንዶድ በር ውጫሌ የምትወርደው መስመር አሁንም አለች።

«ያቺ መስመር ልክ አይደለችም» አለ።

«ጋሽ ኑርዬ፣ ዛሬ ይቅር...»

«ጻፍ። አንድ መስመር አይደለም፤ ቤት ለቤት ነው የሚወርደው። እዚህ ጋ ሰላሀዲን አለ። እዚህ ጋ አሮጊቷ። እዚህ ሥር ክርስቲያኖቹ። ሰው ከአንዱ ቤት እስከ ሌላው ቤት ነው የሚደርሰው እንጂ ከእንዶድ በር እስከ ውጫሌ አይደርስም። ማንም ደርሶ አያውቅም፤ እኔም ጭምር።»

ፈንታሁን መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። «ስንቅ ብዬ ጠይቄዎት ነበር።»

«ጠይቀኸኛል። ስቄብሃለሁ።»

«እኔም እኮ ሳቅሁ፤ ስቄ አለፍኩት» አለ ልጁ። ጠመኔ አንሥቶ ረጅሟን መስመር በእጁ ጠረጋትና በቦታዋ ትንንሽ ክቦች አደረገ። «ቤቶቹን አሁን እንዴት ልግለጻቸው?»

«ዝግ በላቸው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። በሌሎቹ መንገዶች ላይ ያሉትንም ልንገርህ፣ ቁጭ በል።»

ዋሉበት። ወረቀቱ እንደገና አዲስ አበባ ሄደ፣ መልሱም እንደገና መጣ። ማሽኑ አላፈረም፣ አልተጸጸተም፣ ቀድሞ ያለውንም አላስታወሰም። ቤቶቹ ዝግ ከሆኑ ከእንዶድ በር የሚነሣ አብዛኛው ሰው ውጫሌ አይደርስም፤ እህል ቀድሞ መውጣት ያለበት ለእንዶድ በር ነው አለ። ፈንታሁን ወረቀቱን ሲያነብለት ኑርዬ ዓይኑን ከግድግዳው አልነቀለም። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ሂንድ ያለ ማሽን ተናግራው ነበር፤ እሷ ግን በለቅሶው ሁሉ አንድ ቀን እንኳ አላነሣችበትም። ብትሰድበው፣ ብትረግመው ይሻለው ነበር።

ተጨማሪ በቅሎዎች እስኪገኙ ብሎ አልጠበቀም። የራሱን ሁለት አጋሰሶች ጭኖ፣ ከመሥሪያ ቤቱ የተሰጡትን ጥቂት በቅሎዎች አስከትሎ ወጣ። ሰላሀዲን ደጅ ሲደርስ አጋሰሶቹን አቁሞ ከመቃብሯ የድንጋይ ክምር አጠገብ ሰገደ። ቄሱ እንዳሉት ነው፤ ቂብላውን አልሳቱም።

እንዶድ በር ሲገባ ከቤት የወጣው ሰው ጥቂት ነው። አሰጋሽ የምትባለው የአሚናት ጎረቤት፣ ዓይኗ የደከመ ክርስቲያን ባልቴት፣ መሄድ ስላልቻለች ነበር የቀረችው። በበቅሎዎቹ ኮቴ እየተመራች በዱላዋ መጣችና ጆንያውን ዳበሰችው።

«ኑርዬ ነህ?»

«ነኝ እትዬ አሰጋሽ።»

«አሚናት ናት አይደል የላከችህ? አውቄያለሁ! ስትሄድ እኮ፣ አንቺ አትነሺ፣ ኑርዬን እዚህ ድረስ አስወጣዋለሁ ብላኝ ነው የሄደችው። ያቺ ሴት ካለች አለች ነው። ደርሳልሃለች?»

ኑርዬ የጆንያውን አፍ የሚፈታ መስሎ ጎንበስ አለ። ቋጠሮው ግን ቀድሞ ተፈትቶ ነበር።

«ደርሳለች እትዬ።»

«እሰይ! ምነው ታዲያ አብራህ አልወጣች?»

«ደክሟት ነው። ታርፍ ብዬ ነው።»

«ልክ ነህ፣ ትረፍ። ስንት ዘመን የለፋች ሴት ናት።» አሰጋሽ ነጠላዋን ዘረጋች። «በል የኔን ስፈርልኝ። የሷንም ለብቻው ስፈርልኝ፤ እስክትመጣ ድረስ ቤቷ አስቀምጥላታለሁ። አንድ ፍሬ አልነካባትም።»

ኑርዬ መስፈሪያውን ሞላ። የአሰጋሽን ሰፈረ። ከዚያ መስፈሪያውን ደግሞ ሞላና የአሚናትን ሰፈረ።